ለአንዲት ክፍል 12 ኪሎዋት፦ ከእንጨት ምድጃዬ ጋር ሰባት ወር

የምድጃዬ በር መስታወት ዛሬም ጠቁሮ አደረ። ትናንት ማታ ንጹህ ነበር፤ ነበልባሉ ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። እንግዶች ስለነበሩ ሙቀቱ በዛባቸውና፣ ማድረግ እንደሌለብኝ እያወቅኩ፣ የአየር መግቢያውን ዘጋሁት። ጠዋት ስነሳ ከታች ከሁለቱ ማዕዘኖች ተነስቶ ወደ መሃል የወጣ ጥቁር ነገር መስታወቱን ሸፍኖታል። ያብለጨልጫል፤ በጣት ሲነኩት ይጣበቃል። ሽታው የተቃጠለ ጎማና ያረጀ ጭስ የተቀላቀሉበት ይመስላል።

ምድጃውን በሌላ ነገር አልከሰውም። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ መያዣው እጅ አያቃጥልም። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እኔን ሰባት ወር ሙሉ ያነታረከኝ ይህ መስታወት ነው፤ ይልቁንም መስታወቱ ሊነግረኝ ሲለፋ እኔ ያልሰማሁት ነገር ነው።

የገዛሁት ብርዱ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ነበር። ሻጩ ትሁት ሰው ነው፤ አሁንም ቢሆን ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን ስለ ቤቴ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ቤትህ ሰፊ ነው?» የገዛ ቤቱን ጠባብ ነው የሚል ማን አለ? «ደህና ነው፣ ሰፊ ነው» አልኩት። «እንግዲያውስ ላንተ የሚሆንህ ይህ ነው» ብሎ እጁን በመደዳው ካሉት ሁሉ ትልቁ ላይ አሳረፈ። 12 ኪሎዋት ይላል፤ የሚሰጠው የሙቀት ኃይል ማለት ነው። አጠገቡ ግማሹን የምታክል፣ 5 ኪሎዋት የተጻፈባት ምድጃ ነበረች። «እሷስ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ለራሴ ስል መመስከር አለብኝ። ሻጩ ሳቀ። «እሷ ለጌጥ ናት። ብርዱ ሲጠና ምን ታደርግልሃለች? ትልቁን ሁልጊዜ መቀነስ ይቻላል፤ ትንሹን ግን መጨመር አይቻልም።»

ጉድ የሠራችኝ ይህች አባባል ናት። ስትሰማ ምንም እንከን የላትም። ለሬዲዮ ድምፅ እውነት ናት፤ ለውሃ ቧንቧም እውነት ናት። ለእሳት ግን ሐሰት መሆኗን ለማወቅ አንድ ሙሉ የብርድ ወራትና አንድ ባልዲ ቅጥራን አስፈልገውኛል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ገዢ ነው።

ተከላው ላይ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ንጹህ ሆኖ የወጣው እሱ ብቻ ነው። ባለሙያው ሁለት ቀን ፈጀበት። ከምድጃው ሥር የድንጋይ ንጣፍ አነጠፈ፤ በሩ ሲከፈት የሚፈናጠር ፍም የእንጨት ወለሉ ላይ እንዳያርፍም ንጣፉን ወደ ፊት አስረዘመው። ቧንቧውን በግድግዳው በኩል በሁለት መታጠፊያ አዙሮ ማውጣት ለእሱም ለእኔም ይቀል ነበር። እሱ ግን «ጭስ መንገድ ሲያጠማዝዙበት ያኮርፋል» ብሎ ጣሪያውን ቀዶ ቀጥ አድርጎ አወጣው። ስፋቱ 150 ሚሊሜትር ነው፤ ከጣሪያው ጀምሮ ያለው ክፍል ድርብ ሆኖ መሃሉ ሙቀት በሚይዝ ነገር ተሞልቷል። የቧንቧው ጫፍ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው የጣሪያ ከፍታ ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መብለጥ አለበት ብሎ ጣሪያው ላይ ቆሞ ሜትር ሲዘረጋ አይቼዋለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያ ካልተሰቀለም ክብሪት አልጭርም አለ። እኔ ያን ጊዜ መሣሪያውን ትርፍ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ቆም አለ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ምድጃውን አየ፤ ፈገግ አለና «እንግዲህ ብርድ ዓይናችሁን አያየውም» አለን። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ መሆን ነበረባቸው፤ የብረቱ ቀለም ሲጋገር ስለሚሸት መስኮት ከፍቶ ማሳለፍ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው እውነተኛ ብርድ መጣ፤ እኔም ሆዱን ሞላሁለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሹራቧን አወለቀች። ትንሽ ቆይቶ እኔ መስኮት ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁለታችንም ወንበራችንን ኮሪደር ላይ አውጥተን፣ የገዛነውን እሳት ሸሽተን ከሩቅ እንመለከተው ነበር።

«ይህን ነገር መቀነስ አይቻልም?» አለች።

«ይቻላል እንጂ» አልኳት፤ የሻጩ ቃል አፌ ላይ ነበር። የአየር መግቢያውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ነበልባሉ ዘመመ፤ ቀላ፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ተጎተተ። ክፍሉም ሰው የሚቀመጥበት ሆነ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ምድጃዬ አፉ ታፍኖ ኖረ። ማታ ወፍራም ግንድ ጨምሬለት አየሩን ዘግቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ሳደርግ ፍም አገኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አደረልኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። የምኮራበት ነገር ጥፋቴ እንደሆነ ማን በነገረኝ!

መስታወቱ መጥቆር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ በፈሳሽ ሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም። በኋላ ያገኘሁት ዘዴ ግን እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይበልጣል፤ ምንም ወጪ የለውም። ጋዜጣ ጨብጠው በውሃ ያርሱታል፣ ከምድጃው ውስጥ የላመውን አመድ ያስነኩታል፣ ከዚያ መስታወቱ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በክብ በክብ ያሹታል። ጥቁሩ እንደ ጭቃ ይለቃል። አሸዋ ወይም ያልነደደ ጠጣር ነገር አመዱ ውስጥ አለመኖሩን ግን በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ሙቀት የሚችለው ይህ የሴራሚክ መስታወት ጭረትን አይችልም። በየቀኑ ጠዋት ሩብ ሰዓት ለዚህ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ወር ባለቤቴ «ምድጃ ነው የገዛኸው ወይስ መስኮት?» አለችኝ።

ሱቁ ደወልኩ። ሻጩ ገና «መስታወቱ…» ስል «እንጨትህ እርጥብ ነው» አለኝ። ይህን በልቤ ስድብ አድርጌ ወሰድኩት፤ ሆኖም ፈተሽኩ። ሁለት ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ፍልጡን ከውጭ ስወጋው 16 በመቶ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያንኑ ፍልጥ በመጥረቢያ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ገና የተከፈተውን ውስጡን ስወጋው 31 በመቶ አለ። ከ20 በመቶ በታች መሆን ነበረበት። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ለቤቴ ይሆናል ያልኩት ሙቀት ውሃ እያፈላ በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ነበረው። ለዚህ ግማሽ እውነቱ ነው ይበልጥ የምናደድበት፤ ሌላውን ግማሽ ለሁለት ወር ከለለብኝ።

ደረቅ እንጨት ፈልጌ አመጣሁ። ከመሬት ከፍ አድርጌ ደረደርኩ፣ ላዩን ብቻ ሸፍኜ ጎኑን ለነፋስ ተውኩ። ሰንጥቄ ለካሁ፤ 17 በመቶ። እሳቱ ሲያያዝ ይንጣጣ የነበረው ዝም አለ፤ ከፍልጡ ጫፍ አረፋ መውጣቱም ቀረ። ማታ አየሩን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት መስታወቱ ጠቁሯል! ሳስቶ ነው እንጂ ጠቁሯል። እንደገና ብደውል መልሱ አሁንም «እርጥብ ነው» ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

ቧንቧ ጠራጊው የመጡት በአምስተኛው ወር ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጨርቅ አነጠፉ፣ የምድጃውን በር በላስቲክ ሸፈኑ፣ ዘንጉን እየቀጣጠሉ ብሩሹን ወደ ላይ ሰደዱ። የሚወርደውን ስሰማ ልቤ ፈራ። ደረቅ ጥላሸት ሲወርድ ሹክሹክታ ነው ይላሉ፤ የእኔው እንደ ጠጠር ይንኳኳ ነበር። ባልዲው ውስጥ ያየሁት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር ጠርዙ የሚቆርጥ ቅርፊት ነው። አንዱን ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዘው ደጅ ወጡና ክብሪት አስነኩት። እያበጠ፣ እየተንጨረጨረ ነደደ።

«ይህ ቧንቧው ውስጥ ሆኖ ቢይዝ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሄዳል» አሉኝ። ከዚያም «ልጄ፣ ማታ አየሩን ትዘጋለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሙቀቱ ይበዛብናል።»

ኪሳቸው ውስጥ ሜትር ነበር። ክፍሉን ለኩት፤ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4.5፣ ከፍታው 2.7። አባዙት፤ 61 ሜትር ኩብ አይሞላም። «በ14 አካፍለው» አሉኝ። አካፈልኩ፤ 4.3 ወጣ። «እንደ ቤቱ ሙቀት አያያዝ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ፣ የዚህች ክፍል ኪሎዋት ይኸው ነው። የአንተ ምድጃ ስንት ነው?» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። ቁጥሩ የምድጃው ጀርባ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡት፤ እሳቸውም ምንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከሻጩ ጋር ካደረግኩት የስልክ ምልልስ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሲነፈገው እሳት የሚቀንስ ይመስላል እንጂ እንጨቱ በሙቀቱ ጋዝ ማውጣቱን አይተውም። ያ ጋዝ በነበልባል መቃጠል ነበረበት፤ ከእንጨት ከሚገኘው ሙቀት ትልቁ ድርሻ ያለውም እዚያ ነው። አየር ሲያጣ ሳይነድ፣ ጭስ ሆኖ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ቧንቧው ደግሞ እሳቱ ደክሟልና ቀዝቅዟል። ጭሱ 120 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ብረቱን ሲነካ፣ በድስት ክዳን ላይ እንፋሎት ጠብ እንደሚለው ሁሉ፣ ውሃውና ቅጥራኑ ግድግዳው ላይ ይረጋል። ይደርቃል፤ ሌላ ይረጋበታል። መስታወቱ ከቧንቧው በፊት የሚያገኘው ቀዝቃዛ ግድግዳ ስለሆነ ቀድሞ ይጠቁራል። እኔ በየጠዋቱ በጋዜጣ እያሸሁ ያጠፋሁት፣ በማላየው ቧንቧ ውስጥ የሚሆነውን የሚያሳየኝን ናሙና ነበር።

ስሌቱን በዚያው ማታ ተቀምጬ ሠራሁት። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ ጥሩ ምድጃ ከዚያ ሦስት አራተኛውን ለክፍሉ ይሰጣል። ስለዚህ 12 ኪሎዋት እንዲሰጠኝ በሰዓት 4 ኪሎ እንጨት ልማግድለት ነው። ለክፍሌ የሚያስፈልገኝ 4.3 ግን በሰዓት ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች፣ ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ ነው። ለ4 ኪሎ በተሠራ ሆድ ውስጥ ሁለት ፍልጥ ማለት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ማለት ነው፤ እርስ በርሳቸውም አይሟሟቁም፣ አዳራሹንም አያሞቁም።

አሁን ሻጩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬዋለሁ፤ በሌለበት ብዙ ጊዜ አውርተናል።

«መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ» ይለኛል። ተጽፏል፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ የክፍሉን መጠን ከምድጃው ጋር አመዛዝኑ ይላል። ያነበብኩት በስድስተኛው ወር መሆኑ የእኔ ጥፋት ነው። ነገር ግን ወንድሜ፣ መመሪያው ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣው ከተከፈለ በኋላ ነው፤ አንተ ግን ከመክፈሌ በፊት አጠገቤ ቆመህ ነበር።

«ሰው ሁሉ ትልቁን ነው የሚፈልገው።» ሰው ሁሉ ትልቅ ጫማም ሊፈልግ ይችላል፤ ጫማ ሻጭ ግን እግሩን ይለካዋል። ሜትር አንድ ቀላል ዕቃ ነው። ሦስት ቁጥር ማባዛት፣ አንድ ማካፈል፤ ደረሰኙን ከመጻፍ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።

«ሌሊቱን ሙሉ ያድራል አላልኩህም?» አልከኝ፣ አድሯልም። ያደረው ግን እየታፈነ ነው፤ የሌሊቱም ሒሳብ ባልዲው ውስጥ ወረደ።

እዚህ ላይ መልስ ያጣል። በሐሳቤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው።

ጭስ ያታለለው የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆንኩ እያሰብኩም እጽናናለሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1742 ገደማ የሠራው ዝነኛ ምድጃ፣ ሙቀት እንዳይባክን ብሎ ጭሱን ወደ ታች አዙሮ ነበር ወደ ጭስ ማውጫው የሚልከው። ጭስ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ላይ መሄድ ያቆማል፤ እሳቱ ካልጋለ በቀር ምድጃው በቅጡ አይስብም ነበርና በኋላ ሌሎች ማሻሻል ግድ ሆነባቸው። መብረቅ የመረመረ ሰው ጭስ ካስቸገረው እኔ ምን ልሁን።

መመለስ አይቻልም፤ ጣሪያው ተበስቷል፣ ጊዜውም አልፏል። የምድጃውን ሆድ በተጨማሪ ጡብ ላጥብበው ብዬ ጠራጊውን ጠይቄ ነበር፤ «አምራቹ ያልፈቀደውን አትንካ» አሉኝ። ስለዚህ ከትልቅ ምድጃ ጋር በትንሽ እሳት መኖርን ተማርኩ። ትላልቁን ፍልጥ ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ አድርጌ ከላይ ወደ ታች አነደዋለሁ፤ ጭሱ ነበልባሉን አልፎ ስለሚወጣ ይነዳል። እንጨቱ ትንሽ፣ አየሩ ሰፊ። ቧንቧው ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ከ115 እስከ 245 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሳቆየው መስታወቱ ንጹህ ሆኖ ያመሻል። ነበልባል እያለ አየር አልዘጋም። የሌሊቱን እሳት ትቼዋለሁ፤ ጠዋት እንደ አዲስ አነዳለሁ፤ ክፍሉ እስኪሞቅም በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እቀመጣለሁ። 12 ኪሎዋት ገዝቼ።

ሌሎቹን ነገሮች ቶሎ ልበላቸው። የወጥ ቤቱ አየር ማውጫ ሲሠራ ምድጃውን ከከፈቱት ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ቤቱ ከመስኮት ያላገኘውን አየር በጭስ ማውጫው በኩል ይስባልና። ያ የናቅኩት መሣሪያ የጮኸውም በእንዲህ ያለ ምሽት ነው፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ደጅ ቆመን እየተንቀጠቀጥን ለተከለው ባለሙያ ምርቃት አወረድንለት። አመድን በተመለከተ፣ የእሳት ልጅ አመድ እየተባለ ይናቃል እንጂ አመድ አባቱን አይረሳም። ከወጣ በሦስተኛ ቀኑ በዱላ ብነካው ከውስጡ ቀይ ፍም አፈጠጠብኝ። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ፣ ከእንጨት ነገር የራቀ ቦታ፤ ሌላ መላ የለውም።

ትመክረናለህ ወይ ብትሉኝ መልሱ እንደ ምሽቱ ይለያያል። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ነበር። ሦስት ደረቅ ፍልጥ ከትቼ አየሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ነበልባሉ ከምድጃው አናት ሥር ተዘርግቶ፣ ከእንጨቱ ተለይቶ፣ አየር ላይ እንደ መጋረጃ ሲውለበለብ ነበር። ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ታነብ ነበር፤ በምድጃው ብርሃን። መስታወቱ መኖሩ እስከማይታወቅ ድረስ ጠርቷል። በዚያ ሰዓት ልሽጠው ብትሉኝ እጣላችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ጋዜጣውን እያረስኩ፣ ለሚፈልግ ሁሉ በነጻ እሰጠው ነበር።

ትናንት ከእንግዶቹ አንዱ ጓደኛዬ ነበር፤ እሱም ሊያስተክል ነው። ዛሬ ከሰዓት ሜትሬን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ለካን፣ አባዛን፣ አካፈልን፤ 5 እንኳ አልሞላም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አየት አደረገና አጠፈው።

«ሻጩ ግን» አለኝ፣ «10 ይሻልሃል ብሎኛል። ትልቁን መቀነስ ይቻላል አለኝ።»

ምንም አላልኩትም። ቤቴ ይዤው መጣሁና የጠራጊውን ባልዲ ክዳን ከፈትኩለት።